ወደ ቁጥር አራት የተሻገሩት ነዶዎች

ክቡራትና ክቡራን፤

ጓዶች ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝና ጥፋቱን ለዚያ ቁጠሩልኝ።

ከሁሉ በፊት ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ለምርምር ጣቢያችን ሠራተኞች በሙሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። በሐምሌ ጭቃ፣ መኪና ሁሉ በቆመበት ሰሞን፣ ከሸኸዲ ድረስ በግ ነድታችሁ አምጥታችኋል። ራኩባውን፣ ይህን ዳሳችንን፣ በአዲስ ሣር ከድናችኋል። ወንበር ከትምህርት ቤት ተውሳችኋል፤ እኔ የተቀመጥሁበት ላይ አንድ ተማሪ ስሙን በምላጭ ጽፎበታል፣ እጁ ጥሩ ነው። ለእኔ ይህን ያህል መድከማችሁ አሳፍሮኛል። አሳፍሮኛል ስል ለወጉ የሚባለውን ማለቴ አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ቅድም እጄን ልታጠብ በርሜሉ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ፣ ሾፌራችን ሷሊህ ከራኩባው ጀርባ ለአንድ እንግዳ ስለ እኔ ሲነግረው ሰማሁ። "ይሄ ሰውዬ ስንቱን የድሃ ልጅ ዶክተር አድርጎታል መሰለህ" አለው። ሷሊህ አብረን በሠራንበት አሥራ አንድ ዓመት ውሸት ነግሮኝ አያውቅም። መኪናዋ ስትሰበር እንኳ መጀመሪያ የሚነግረኝ የራሱን ጥፋት ነው። ስለዚህ ስንት እንደሆኑ ማወቅ ፈለግሁና እዚያው በጣቴ ቆጠርሁ።

በዘጠኝ ዓመት ሠላሳ አራት ተማሪዎች ተቀብለናል። ከእነሱ ዶክተር የሆነው አንድ ነው። እሱም የሆነው ባለፈው ወር ነው።

ለመቁጠር ብዙ ጣት አላስፈለገኝም።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ስለ አንዱ ነው። ይበልጡን ግን መሆን ሲገባት ስላልሆነችው ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ አየሁሽ ትባላለች።

ከመካከላችሁ አዲሶች ስላላችሁ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። በ1972 ዓመተ ምሕረት ነው። በክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ባለ ዘመድ የሆነው ተማሪ አዲስ አበባ ቀርቶ፣ አጎቱ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያገላበጠ "ልምድ አገኘ" ይባልለታል። አጎት የሌለውስ? አገሩ ይገባና ኮረብታ ላይ ጎመን ይኮተኩታል። በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት የውጭ ዕድል ሲመጣ መራጩ ኮሚቴ "የምርምር ልምድ ያለው" ይላል። ጎመን አይቆጠርም። እንግዲህ እኔ "አጎት የሌላቸውን ወደ እኔ ላኩልኝ፣ እስከ አጨዳ ድረስ ላቆያቸው" ብዬ ጻፍሁ። ላኩልኝ። ማንም ወደ መተማ መምጣት ስለማይፈልግ ተቃዋሚ አልነበረም።

እኔ ራሴ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ዋና ሳልችል ዋና አስተማሪ ሆንሁ ማለት ነው። ቢሆንም የማውቀውን አልሰሰትሁም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሰው በማያስቆምበት ሰዓት እዚሁ ራኩባ ሥር የምርምር ጽሑፍ እናነብ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መደብ ውጤት በእንግሊዝኛ ቆሞ ያስረዳል። አድማጮቹ ለአጨዳ የወረዱት የደጋ ሠራተኞች ነበሩ። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ከእነሱ የተሻለ ፈታኝ አላየሁም፤ ተናጋሪው ያላመነበትን ነገር ሲናገር ከፊቱ ያውቁበታል። "ይሄኛው ላይ ዓይኑን ሰበረ" ይሉኛል። እውነትም ሄጄ ሳየው ቁጥሩ ተሳስቷል።

ሕጌ አንድ ነበር። የመስክ ደብተር በቀለም ብቻ ይጻፋል፣ በእርሳስ አይጻፍም። የተሳሳተ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አይፋቅም። ያየኸውን ጻፍ፣ ያየሽውን ጻፊ፣ ሊያዩት የሚፈልጉትን አትጻፉ። ይህን ዘጠኝ ዓመት ተናግሬአለሁ። ስናገረው ድምፄ ያምር ነበር ይሉኛል።

በ1977፣ በጥቅምት ወር፣ ሁለት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩን። አንዱ ዋሴ ነው። ሌላይቱ አየሁሽ።

የአየሁሽ አባት ከበለሳ ለሰሊጥ አጨዳ እየወረዱ ነው እሷን ያስተማሯት። በዚያ ዓመት በሕይወት አልነበሩም። አብረዋቸው ይወርዱ የነበሩት ሰዎች ግን ነበሩ፤ አለቃቸው አዛናው ነበር። ዓመቱን ታስታውሱታላችሁ። ደጋው ደርቆ ሰው እንደ ጎርፍ ወደ ቆላ የወረደበት ነው። ረሃብ ካየ ፊት መካከል አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ፣ "የእገሌ ልጅ እኮ ናት፣ የእኛው" ስትባል ምን እንደምትመስል አስቡት። ሲያዩዋት ትከሻቸው ይቃና ነበር።

ሥራዋ አራት የሰሊጥ ዘሮችን ማወዳደር ነው። ቁጥር አንድ የአገሩ ዘር፣ ቁጥር አራት ከላይ የተላከልን አዲሱ። ሰሊጥ እንደምታውቁት ታጭዶ በነዶ ይታሰርና፣ ራሱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ቁልሉን እኛ ሂላ እንለዋለን። ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ ሸራ ላይ ይራገፋል። እሷ በአጨዳው ቀን የእያንዳንዱን ሂላ ነዶ ቆጥራ በደብተሯ ጻፈች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። እኔም አላልኋትም።

ከዚያ ወባ ያዛት። አሥር ቀን ተኛች። የመራገፉ ቀን ሲደርስ እኔ አራገፍሁላት፣ እኔ መዘንሁላት። ቁጥር አራት የአገሩን ዘር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም። መጠርጠሪያው ይኸው ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት በሬዲዮ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስተላለፍሁ። ከሰዓት በኋላ "እንኳን ደስ ያላችሁ" የሚል መልስ መጣ። ውጤቱ በዓመቱ ሪፖርት እንደሚገባ፣ ጣቢያችንም ለዶክትሬት ዕድል አንድ ተማሪ በስም እንዲያቀርብ ተነገረን። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተብለን የተጠየቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የአየሁሽን ስም ጻፍሁ። ደስታዬ ከራት በላይ አጠገበኝ።

በሦስተኛው ቀን አየሁሽ ጋቢ ተከናንባ፣ ከንፈሯ በትኩሳት እንደተሰነጣጠቀ፣ አዛናውን አስከትላ ቢሮዬ ገባች።

"ጋሼ፣ የቁጥር አራት ነዶ ሠላሳ አንድ ነበር። አሁን ማሰሪያውን ብቆጥር አርባ ሦስት ነው" አለች።

"ምናልባት ስትቆጥሪ ትኩሳቱ ጀማምሮሽ ይሆናል" አልኋት።

"የቁጥር አንድስ? ሠላሳ ነበር፤ አሥራ ስምንት ሆኗል። ትኩሳቱ አሥራ ሁለት ወስዶ አሥራ ሁለት ጨመረ?"

አዛናውን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። ሰላማዊ ፊት ነበር፤ ሠርግ ቤት አስተናግዶ የመጣ ሰው ፊት።

"እሱማ እኛ ነን" አለ። "ትንሽ ትንሽ አሻገርንላት።"

"ምን አሻገራችሁ?"

"ነዶ ነዋ። አራተኛው የሷ ነው፣ አንደኛው የአገሬው ነው አሉን። ታማ በተኛችበት ልትሸነፍ ነው? አባቷ ቢኖር ዝም ይለን ነበር?"

"አዛናው፣ ይሄ እኮ ስርቆት ነው።"

"ምነው ጌታው" አለ፤ ከልቡ ተቀየመ። "ከማሳው መቼ ወጣ? ከመንግሥት ወስደን ለመንግሥት ነው የሰጠነው።"

አዛናውን ወደ ሥራው አሰናበትሁት።

እንግዲህ እነሱ ጥፋተኛ ናቸው? ውድድር መስሏቸው ነው። ውድድር አለመሆኑን የነገራቸው ማን ነበር? በእንግሊዝኛ ብዙ ነግረናቸዋል። በአማርኛ "ይህ የማንም አይደለም፣ እውነቱን ለማየት ነው" ያላቸው አልነበረም። ረሃብ ላይ ሆነው፣ አንዲት እፍኝ ሳይቀምሱ፣ አሥራ ሁለት ነዶ በአክብሮት አሻግረዋል። የእነሱ ስህተት ከዚህ አያልፍም። የእኔ የሚጀምረው አዛናው ከወጣ በኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ሪፖርቱን ያስመልሱት" አለችኝ።

"ልጄ፣ ስምሽ ሄዷል። ሪፖርቱ ከተመለሰ ስምሽም ይመለሳል። ቦታውን የሚወስደው አጎት ያለው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የደከምነው ለዚህ ነው ወይ?"

"ያየሽውን ጻፊ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ይሄው፣ አየሁ።"

እዚያው ቆማ፣ በቀለም፣ ሁለቱንም ቆጠራ ከነቀኑ ጻፈች። አዛናው ያለውንም ቃል በቃል ጻፈች። ፈረመች። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ "ሪፖርቱን አልፈርምም" ብላ ወጣች። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ሠላሳ አራት ተማሪዎች አስተምሬ ያልሁትን በትክክል የፈጸመችው አንዷ ናት። እሷም ያስቸገረችኝ በዚሁ ነው።

ሪፖርቱ ፊርማ ያስፈልገዋል። ዋሴን አስጠራሁት። ዋሴ የድሃ ልጅ ነው፣ ጎበዝም ነው፤ የራሱ ሙከራ በዘር መካከል ርቀት ላይ ነበር፣ ውጤቱም እንደ ብዙ እውነተኛ ውጤት አሰልቺ ነበር። ወረቀቱን አንብቦ፣ "የአየሁሽ አይደለም ወይ ጋሼ?" አለኝ።

"ታማለች" አልሁት።

"ሲሻላትስ?"

"ፈርም።"

ፈረመ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ሃምሳ አንድ። ከሁለታችን እምቢ ማለት ይገባው የነበረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም።

በእሷ ስም ፋንታ የእሱን ላክሁ። ኮሚቴው ደግ ሆኖ፣ "የቀድሞይቱ ዕጩ ለምን ተለወጡ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን በእጄ ጻፍሁ። "ትጉህ ናቸው። ሆኖም ከሥራ ኃላፊዎች ጋር ተግባብቶ መሥራት ይጎድላቸዋል።" ዘጠኝ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በራሷ አመለከተች። ሁለት ጊዜም ዘጠኙ ቃላት ከፋይሉ ወጥተው ተነበቡላት።

እሷ አላወቀችም እንዳትሉ። ሁለተኛው ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትጠየቅ፣ "ከኃላፊዎ ጋር ያላግባባችሁ ምን ነበር?" አሏት። "ቆጠራ" አለች። ሳቁ። እሷ አልቀለደችም ነበር።

ቁጥር አራትንም ልንገራችሁ። በ1979 እዚህ አካባቢ በአንድ አምራቾች ማኅበር ማሳ ላይ ተዘራ። ውብ ዘር ነው። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ አጫጁ ሳይደርስ ይረግፋል። በዚያ ዓመት ለአጨዳ የወረዱት እነ አዛናው ማጭዳቸውን ይዘው ቢደርሱ ሰሊጡን መሬት ላይ አገኙት። አዛናው መንገድ ላይ አገኘኝና፣ "ጌታው፣ ይሄን ዘር ማን አመጣብን?" አለኝ።

"ከላይ ነው የመጣው" አልሁት።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እኔ ወደ ታች አየሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ የበዓል ወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጉም እየቀዘቀዘ ነው። ግን ያን ቀን ስመዝን ሚዛኑ አጠገብ ከቆማችሁት መካከል አራታችሁ ዛሬም እዚህ ናችሁ። ሂላው ማደጉን ያየ፣ አይቶም ያልተናገረ፣ እኔ ዝም ስል አብሮኝ ዝም ያለ። ስም አልጠራም። አሁን ሣህናችሁን የምታዩት ናችሁ።

ባለፈው ወር ከዋሴ ፎቶግራፍ መጣልኝ። ጥቁር ካባ ለብሷል። ከኋላው፣ "ያየኸውን ጻፍ ላሉኝ ለጋሼ ይርዳው" ብሎ ጽፎበታል። መቀለዱ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዋሴን ስለማውቀው ማመስገኑ ነው። ይህኛው ይብሳል።

አየሁሽ ሳንጃ መምህርት ናት። ከፋሲካ በኋላ ሄድሁ። በጭነት መኪና ሁለት ቀን ነው፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ለማሰብ በቂ ጊዜ ነው፣ አልተጠቀምሁበትም። ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ልጆቹ ባቄላ በቆርቆሮ አብቅለው ቁመቱን እየለኩ ይጽፋሉ። በቀለም ነው የሚጽፉት። አንዱ ሊፍቅ ሲል እጁን ያዘችው።

"ደህና ሰነበቱ ጋሼ? በዚህ ፀሐይ?" አለችኝ። ወንበር አቀረበችልኝ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁ።"

"የነዶውን?"

"የነዶውን።"

"እዚያው ነበርሁ እኮ ጋሼ።"

ሁለት ቀን የተጓዝሁበት ንግግር እዚህ ላይ አለቀ።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው" አልሁ።

"ተቀብያለሁ። ከተቀበልሁም ቆይቷል፤ መንገዱ ሩቅ ሆኖብዎ ነው። ደብዳቤውንስ?"

"የትኛውን ደብዳቤ?"

"ለኮሚቴው የሚጽፉትን። የዕድሜው ገደብ ሠላሳ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ሆኛለሁ። ይቅርታ ፋይል ውስጥ አይገባም ጋሼ፣ ደብዳቤ ግን ይገባል።"

"ዋሴ ምን ይሆናል?"

"ዋሴ አራት ዓመት ተምሮ፣ የራሱን ሥራ ሠርቶ ነው ዶክተር የሚሆነው። ማን ይነጥቀዋል? እሱን ሲያስፈርሙት ነበር ማሰብ።" ከዚያ ሻይ አፈላችልኝ። ሁለት ማንኪያ ስኳር እንደምጨምር አልረሳችም።

እንግዲህ ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። ይኸው በእጄ ነው። የቁጥር አራት ውጤት ሐሰት እንደሆነ፣ እንዴትም ሐሰት እንደሆነ ይናገራል። አየሁሽ በሦስተኛው ቀን እንዳስታወቀች፣ እኔም አፏን እንዳዘጋሁ ይናገራል። ዘጠኙ ቃላት የእኔ ውሸት መሆናቸውን ይናገራል። ደብተሯን ከመሳቢያው አውጥቼ አብሬ አያይዤዋለሁ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከዛሬ ጀምሮ የተማሪዎቹ ኃላፊ አንቺ ነሽና በእጅሽ አስረክብሻለሁ፤ መንገዱ ቀን ከሰጠው ነገ ሷሊህ ጎንደር ፖስታ ቤት ያደርሰዋል።

ከፊርማዬ ሥር አራት መስመር ክፍት ትቻለሁ። የማን እንደሆነ መስመሮቹ ያውቃሉ። ማንንም አላስገድድም። ሰውን ፈርም ማለት እንደማያምርብኝ አሁን ሰምታችኋል።

ሀብትነሽ እህቴ፣ አንድ አደራ ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲሶቹ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ አጫጆቹ ሲወርዱ ከሁሉ በፊት ሰብስቢያቸው። ሥራው ምን እንደሆነ በሚሰሙት ቋንቋ ንገሪያቸው። ልጆቹን ስለሚወዷቸው ነው መንገር የሚያስፈልገው። የማይወድ ሰው ነዶ አያሻግርም።

ከእንግዲህ የሚቀረኝ ምርቃት ነው። ዝናቡ በልክ ይውረድላችሁ። ሰሊጣችሁ አጫጁን ይጠብቅላችሁ። ወባ ደጃችሁን ይሳተው። ከደጋ የሚወርዱት ወንድሞቻችን ጤና ወርደው ጤና ይመለሱ፤ ቤታቸውም የሚበላ ይዘው ይግቡ። ልጆቻችሁ አጎት የማያስፈልግበት ዘመን ይድረሱ። እዚህ ራኩባ ሥር ከሚቀመጡት ተማሪዎች መካከል ከእኔ የሚበልጥ ሳይሆን፣ እንደ እኔ ያለውን "አይሆንም" የሚል ይብዛላችሁ። የተናገራችሁትን የምትኖሩ ያድርጋችሁ። ስለ ሃያ አራቱ ዓመት ሁሉ፣ ስለ በጉም፣ ስለ ትዕግሥታችሁም አመሰግናለሁ።

ሀብትነሽ ስታነቢው ቀኑን ስለምታይው አሁኑኑ ልናገረው። የጡረታዬ መጽደቅ በጽሑፍ የደረሰኝ፣ ከዚያ ወዲያም ማንም ሊነጥቀኝ የማይችለው፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ሰኔ አሥራ ሦስት ነው።